እናቴን አንቱ ያልኩበት የጽጌ እሑድ

ያን ጊዜ እኔ በጣም የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው አይግጠማችሁ። ሰበታ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ኮት አለኝ፣ ከረባት አለኝ፣ በደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ ይታያል። አንደኛው ቀለም የለውም፤ እሱ ለክብር ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሰበታም ያኔ ከተማ ለመባል ገና እየተንጠራራች ነበር፤ የጅማን መንገድ ይዘው የተደረደሩ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ኋላ እርሻ፣ ሌላ ነገር የለም።

ስሜ ጌታቸው ነበር። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ግን ጉተማ ነው። የተወለድኩት ሱሉልታ ገጠር ውስጥ ነው፤ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ፤ አባቴ ሳላውቀው ሞቶ እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን መዝጋቢው ስሜን ሰምቶ ፊቱን አጨማደደና «ጌታቸው ብንለው ይሻላል» ብሎ ጻፈው። እሱ የጀመረውን እኔ ጨረስኩት። ስሜ ከተቀየረ አይቀር ብዬ አገሬን ጎጃም አደረግሁት። ኦሮምኛ አንዲት ቃል አላውቅም አልኩ። እናቴን ግን በምን እንደምቀይራት ስላጣሁ ገደልኳት። «እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው» እል ነበር፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሰው ሲያዝንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘመኑ ነው ያስገደደኝ ብዬ ላመልጥ እችላለሁ። እውነትም በየቢሮው እንደ መዝጋቢው ፊቱን የሚያጨማድድ ሞልቶ ነበር። ግን እናትህን ቅበር ያለኝ ሰው አልነበረም። እሱን በራሴ ጭንቅላት ነው ያመጣሁት። አራት ዓመት ሙሉ ሱሉልታ ዝር አላልኩም፤ ያለሁበትንም አላሳወቅኋትም።

በዚህ ላይ ሚስት አጨሁ። አቶ መኩሪያ የሚባሉ የወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ፤ ውብነሽ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ወደድኳት። ሽማግሌ ስልክ «እስከ ሰባት ቤት ይቁጠር» አሉ። ደንብ ነው፤ ተጋቢዎች ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። የእውነቶቹን አያቶቼን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ እኛ ቤት ይህን የማይቆጥር ሕፃን የለም። እነሱን ተውኩና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሰባት አያቶች ወለድኩ። አራተኛውን ፊታውራሪ አደረግሁት፤ ስድስተኛውን ቅኔ አዋቂ። አቶ መኩሪያ በስድስተኛው በጣም ነው ደስ ያላቸው። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ኅሩይ፣ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ወቅቱ ጽጌ ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲለብስ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እመቤታችን በአበባ እየተመሰለች የምትመሰገንበት። እና አለቃ «ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አጥቢያዎች ዘማሪዎችን ጠርተን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያችን አብረን እንዘምር» አሉ። ከአዲስ አበባም አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ትልቅ እንግዳ ሲባል እኔ ወዲያው ፕሮግራም መሪ ሆንኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ከረባቱ መረጠኝ።

የጥሪ ደብዳቤዎቹን በራሴ እጅ ነው የጻፍኳቸው፤ ለሱሉልታውም ጭምር። ሱሉልታ ሰፊ ነው፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የኛ መንደር ሴቶች ይህን ሁሉ መንገድ ምን ሊሆኑ ይመጣሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ መዝሙር በግዕዝና በአማርኛ ብቻ። እያንዳንዱንም በደቂቃ ለካሁት። ከደብተራዎቹ ማኅሌት ፊት ለፊት «አሥራ አምስት ደቂቃ» ብዬ ስጽፍ አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ አመስግነናት ስንጨርስ ነው የምንጨርሰው» አሉኝ።

እሑድ ደረሰ። ከወረዳው የተዋስነውን ድምፅ ማጉያ በመኪና ባትሪ አስነሣነው፤ ሁለቱን ጡሩምባዎች ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ጽድ ላይ ሰቀልናቸው። ማይክራፎኑን ስይዝ የተሰማኝን ኩራት አልነግራችሁም፤ ታፍሩብኛላችሁ። ትልቁ እንግዳ ከድንኳኑ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው አቶ መኩሪያ፣ ከእሳቸው ኋላ ውብነሽ። ደብተራዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃቸውን ጀመሩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ገና መቋሚያው እየሞቀ ነበር።

በዚህ መሐል የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። የሱሉልታ ሴቶች ከንጋት ጀምረው እንጦጦን በእግራቸው ወርደው፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ በመኪና መጥተዋል። አቧራቸውን እያራገፉ አንድ በአንድ ወረዱ። አምስተኛዋ እናቴ ናት።

ከበሮ በትከሻዋ አንግታለች። ከስታለች፤ ጠጉሯ ከነጠላው ሥር ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ከተውኳት ጊዜ ይልቅ አጭር መሰለችኝ። መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ፕሮግራሙን አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩበት። ወረቀቱ ደግሞ ቀጭን ነበር።

አቶ መኩሪያ እንግዶቹን እንቀበል ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ሴቶቹ ወሰዱኝ። የደብሩ ሽማግሌ ኦቦ ፈይሳም ለማስተርጐም አብረውን መጡ፤ እኔ ኦሮምኛ አላውቅማ። ሴቶቹ ጐንበስ እያሉ ሰላምታ ሰጡ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከበሮው ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ በእጇ ያዘችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ስሜን ልትጠራ ነው፤ ጉተማ ልትለኝ ነው።

እኔ ቀደምኳት። በአማርኛ፣ በዚያ በታወቀው በጥሩ አማርኛዬ፣ «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። የሴቶች ቦታ በወዲያ በኩል ነው፤ ይለፉ» አልኳት። በሕይወቴ እናቴን አንቱ ያልኳት ያን ቀን ነው። ሌላ ሰው አክብሮት ይለዋል።

አቶ መኩሪያ አስተያየቷን አይተው ኖሮ «ምነው፣ መምህሩን ያውቁታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ኦቦ ፈይሳ ተረጐሙላት። እናቴ ከረባቴን አየች፣ አቶ መኩሪያን አየች፣ ከድንኳኑ ሥር ወደኛ የምታየውን ውብነሽን አየች። አራት ዓመት ያልገባት ነገር ሁሉ እዚያው ቆማ ሲገባት አየሁ።

«ሂን ቤኩ» አለች።

አላውቀውም ማለት ነው። ኦቦ ፈይሳ እስኪተረጉሙልኝ ድረስ ያልገባኝ መስዬ ቆምኩ። ከዚያ ከበሮዋን መልሳ አንግታ ወደ ሴቶቹ ቦታ ሄደች። እኔም ተመስገን አልኩ። አዎ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ፣ እናቴ ስለካደችኝ ተመስገን ብያለሁ።

ማኅሌቱ አበቃ። የቡራዩ ልጆች ዘመሩ፣ የኛዎቹ ዘመሩ። የሱሉልታዎቹ ተራ ሲደርስ በሕጌ መሠረት አንዲት አጭር የአማርኛ መዝሙር ብለው ሊቀመጡ ነው። ከመቀመጣቸው በፊት ግን እናቴ ብቻዋን ወደፊት ወጣች፤ አለቃ ኅሩይ እግር ሥር ተንበረከከችና ለኦቦ ፈይሳ አንድ ነገር ነገረቻቸው።

ኦቦ ፈይሳ ጕሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለት አለብኝ ነው የምትለው። ስለቱ መዝሙር ነው። ዛሬ ካላስገባሁት ይከብደኛል ትላለች። በኦሮምኛ ነው የምትዘምረው።»

እኔ ቶሎ ብዬ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ትልቁ እንግዳ መናገር ጀመርኩ። አለቃ እጃቸውን አነሡ። «ስለት አይከለከልም» አሉ፤ አለቀ። እንግዲህ ስለት ሲገባ ደንቡን ታውቁታላችሁ። ምን ተብሎ እንደተሳሉና እንዴት እንደሰመረ በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። የተሳሉለት ሰው በአካባቢው ካለ ደግሞ ራሱ መጥቶ ይቆማል። የሚናገረው ማን ነው? ማይክራፎን የያዘው። ማይክራፎን የያዘው ማን ነው? እንዳትጠይቁኝ።

እናቴ በኦሮምኛ መናገር ጀመረች። ኦቦ ፈይሳ ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፤ እኔ በድምፅ ማጉያ እደግመዋለሁ። እያንዳንዷን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የሰማኋት፤ አንድ ጊዜ ከእናቴ፣ አንድ ጊዜ ከእሳቸው። አንድ ልጅ ነበረኝ አለች። ከተማ ሄዶ ጠፋብኝ። ሞተ ያለኝም አለ፣ ታሰረ ያለኝም አለ። እኔም ማርያምን፣ በሕይወት መኖሩን በዓይኔ ካሳየሽኝ፣ ባየሁት ቀን በየትኛውም ደጅሽ ቆሜ እዘምርልሻለሁ አልኳት። አሳየችኝ።

እኔም «አሳየችኝ» ብዬ አስተጋባሁ። ጽዱ ላይ ያሉት ጡሩምባዎች ለሰበታ ሕዝብ ሁሉ አሰሙት። እልልታው ቀለጠ።

አለቃ ደስ አላቸው። «ታዲያ ልጁ የታለ? ይምጣና ላማትበው» አሉ።

እናቴ አላየችኝም። መሬት መሬት እያየች መለሰች። ኦቦ ፈይሳ ሲተረጉሙ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። «ሩቅ አገር ነው ያለው ትላለች። ሥራ ይዞታል። ግን ደህና ነው። ኮት ለብሷል።»

ይህን አስቡልኝ። ስለት ላይ የዋሸ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኛ መንደር ሕፃን ያውቃል። እናቴ ቅዳሜ ቀን መርፌ የማትይዝ ሴት ናት፤ በማርያም ደጅ ተንበርክካ ለኔ ከረባት ስትል ዋሸች። እኔስ? «ልጇ ሩቅ አገር በሥራ ላይ ይገኛል» አልኩ፣ አሳምሬ። አነጋገሬ ጥሩ ስለነበር ትልቁ እንግዳ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

እናቴ ተነሥታ ከበሮውን መታች። የጀመረችው መዝሙር እኛ መንደር በጽጌ ሴቶች የሚያወጡት ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ «ኮቱ ያ ማራም፣ ኮቱ» ብለው ይቀበላሉ፤ ነይ ማርያም፣ ነይ እንደማለት ነው። አወጣጡ በየአንቀጹ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን ሴቶች ብቻ ይቀበላሉ። ሦስተኛውን ልጆች ናቸው የሚቀበሉት። መራመድ ሳልችል በጀርባዋ ታዝዬ ጀምሬ፣ በየዓመቱ፣ ሦስተኛውን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ከሱሉልታ አንድም ልጅ አልመጣም።

አንደኛውን አወጣች፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ሁለተኛውን አወጣች፤ ተቀበሉ። ሦስተኛውን አወጣች። ግቢው ዝም አለ።

«ኮቱ ያ ማራም፣ ኮቱ።»

ማን እንደተቀበላት ለማየት ዞር ዞር አልኩ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሯል። ማይክራፎኑ አፌ ላይ ነው። ድምፁ ከጽዱ ላይ ነው የመጣው፤ የኔ ድምፅ፣ በሱሉልታ ዜማ፣ አንዲት ቃል በማላውቀው ቋንቋ።

እናቴ አላቋረጠችም። ስለት ነው፣ አይቋረጥም። እንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው ዘመረችው። የሚቀጥለውንም ሦስተኛ ተቀበልኳት፤ ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ? ስትጨርስ አለቃ ኅሩይ ቀስ ብለው መጡ።

«መምህር፣ ይህ ስለት የማን ነው?» አሉ።

«የኔ ነው። እናቴ ናት» አልኩ። ይህም በድምፅ ማጉያ ወጣ፤ ማጥፋት ረስቻለሁ።

ትልቁ እንግዳ ቲያትር መስሏቸው አጨበጨቡ። ጥሩ ነው የተሠራው አሉ አሉ። አቶ መኩሪያ ግን ሬጅስትራር ናቸው፤ ነገር በመዝገብ ነው የሚገባቸው። ወደኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ሰባቱንም ነው? አንዱን እንኳ አላተረፍክም?» አሉኝ። የዓለም ሁሉ ኀዘን ድምፃቸው ላይ ነበር፤ ለስድስተኛው አያቴ ነው ያዘኑት። ኦቦ ፈይሳ ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርገው ድሮም አውቅ ነበር አሉኝ። ለካስ ሰው በኦሮምኛ ሲቀልድ እሳቸው ሳይተረጉሙ እስቅ ነበር።

ውብነሽ በማግሥቱ ቀለበቱን በሰው ላከችው። ዘሩን ጠልቼ አይደለም፣ አለች አሉ፤ እናቱን በቁሟ የቀበረ ሰው እኔን በስንተኛው ዓመት ነው የሚቀብረኝ? ብልህ ልጅ ነበረች፤ ሌላ ሰው አግብታ ወልዳ ከብዳለች።

አሁን እናንተ፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ይቅር ተባባሉ፣ ብዬ እንድጨርስ ትጠብቃላችሁ። እናቴን አታውቋትም። ጉልበቷን ልስም ብጠጋ ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ። ከመኪናው አጠገብ ነው፤ ሌሎቹ እየተሳፈሩ ነው። ኮቴን በእጇ ዳሰሰችው። ጨርቁ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብላ፣ እንዲህ አለችኝ።

«አፍህ አምልጦህ ነው እንጂ አልጠራኸኝም። እኔም ዋሽቼ ያስገባሁት ስለት ስለት አይደለም። ለከርሞ በጽጌ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ሳያመልጥህ፣ አስበህበት ትጠራኛለህ።»

መኪናው ሄደ። እኔ አቧራው ውስጥ ቀረሁ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ስነግረው ጐበዝ ይለኛል፤ በሕዝብ ፊት እውነቱን ተናገርክ ይለኛል። አንባቢዎቼ፣ እናንተም እንዳትሉኝ። ዜማው ባይቀድመኝ ኖሮ እናቴን በጭነት መኪና ሸኝቼ፣ ለትልቁ እንግዳ ምሳ አቅርቤ፣ በጥር አገባ ነበር። ይህን ስለ ራሴ ማወቅ ከባድ ነው፤ አውቄው ነው ያረጀሁት። ሰው የሚኮራበትን ሲቆጥር እሰማለሁ፤ እኔ ያ እሑድ ሲነሣ ዛሬም ፊቴ ይቀላል። እናንተ በሕይወት ሳለች የቀበራችሁት ሰው ካለ፣ ዜማ እስኪያጋልጣችሁ አትጠብቁ። ሁሉም ሰው መዝሙር የምታወጣ እናት የለችውም።

ያ ዓመት ረጅም ነበር። ስሜን ለማስመለስ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ፤ ስም ለመቀየር አንድ ደቂቃ የፈጀበት መንግሥት ለመመለስ ስምንት ወር ፈጀበት። ሱሉልታም በየበዓሉ ሄድኩ። እናቴ ምግብ ታቀርባለች፣ ትመርቀኛለች፣ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አታነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ጽጌ ደረሰ። አለቃ ኅሩይ ሦስቱን አጥቢያ እንደገና ጠሩ። የግዕዝና የአማርኛ ብቻ ሕግ ቀረ፤ ደቂቃውም ቀረ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር መጥታ ፊት ለፊቴ፣ አሥር እርምጃ ላይ ተቀመጠች። ከበሮዋ ጭኗ ላይ ነው። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ማይክራፎኑን አነሣሁ።

«እናቴ፣ አዴ ድንቄ፣ ስለቷን ታስገባለች» አልኩ።

አልተነሣችም። የነጠላዋን ጥለት ታስተካክላለች። ሕዝቡ ዞር ዞር አለ። ደግሜ ጠራኋት። አጠገቧ ያለችው ሴት በክርኗ ነካቻት፤ ቆይ አለቻት። በሦስተኛው «እናቴ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው ያወጣኋት፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ያን ጊዜ ከበሮዋን አንግታ ተነሣች።

ማታ ወደ ሱሉልታ ስሸኛት ለምን እንደዚያ እንዳስለመነችኝ ጠየቅኋት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልሰማሁም አለችኝ። ከአሥር እርምጃ፣ በድምፅ ማጉያ። አራት ዓመት ስትጠራኝ ያልሰማሁ ሰው ስለ ሁለት ጊዜ ምን ይላል?